ካልኩሌተሩ አሮጌ፣ ስክሪኑ ባዶ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለቲአይ 30 ካልኩሌተሬ አዲስ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ገዝቼ ብገጥምለትም ምንም ቁጥር አያወጣም። ቺፑ ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ቺፑን መጨረሻ ላይ ይጠርጥሩ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ቁጥሩን በቀይ የኤልኢዲ መብራት የሚያሳይ ማሽን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው የባትሪው ሽቦ ነው። ላዩ ደህና ይመስላል፤ ልባሱን ትንሽ ሲልጡት ግን መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ያገኙታል። በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ሽቦው ቦርዱ ላይ የተበየደበትን ቦታ ይለኩ። ባትሪው ላይ 9፣ ቦርዱ ላይ 0 ቮልት ካነበቡ ሽቦውን ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ የባትሪው ቤት ነጭ ዱቄት ለብሷል። በምን ላጽዳው?

መልስ፦ በአቼቶ። ከባትሪው የፈሰሰው አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ቀላል አሲድ ያረክሰዋል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነከር አድርገው ብረቱን ብቻ ይንኩ፣ ከዚያ በአልኮል ይጥረጉ። በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ ቅቡ ከተላጠ እንደገና ይዝጋል።

ጥያቄ፦ የኤችፒ 25 ካልኩሌተሬ ባትሪ ሞቷል። አውጥቼው በቻርጀሩ ብቻ ላብራው?

መልስ፦ እባክዎ እንዳያደርጉት! በዚህ የ1975 ሞዴል የቻርጀሩን ቮልቴጅ ልክ ይዞ የሚያቆየው ባትሪው ራሱ ነው። ባትሪው ከሌለ፣ ወይም ኖሮ ጫፉ ዝጎ ካልነካ፣ ከፍ ያለው ቮልቴጅ ቺፖቹ ላይ ያርፋል። ስንት ዓመት የቆየ ማሽን በአንዲት ሙከራ እንዲህ ሲጠፋ ያሳዝናል። ሁለት ባለ 1.2 ቮልት ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ይግጠሙለትና ያለ ቻርጀር ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ የእኔ ሰማያዊ አረንጓዴ ቁጥር የሚያበራው ዓይነት ነው። ባትሪው ደህና ነው፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ።

መልስ፦ የእርስዎ ስክሪን የቫኪዩም ቱቦ (አየር የወጣለት የመስታወት ቱቦ) ነው፤ ከባትሪው እጅግ የሚበልጥ፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 ቮልት በላይ ይፈልጋል። ያንን የምታመነጭ ትንሽ ትራንስፎርመር ቦርዱ ላይ አለች። ክፍሉን አጨልመው መስታወቱን ከጎን ይመልከቱ፦ እንደ ፀጉር የቀጠኑት ሽቦዎች ደብዘዝ ያለ ቀይ ካሳዩ ቱቦው ሕይወት አለው። ካላሳዩም ተስፋ አይቁረጡ፤ በትራንስፎርመሯ ዙሪያ ያሉትን የደረቁ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያከማቹ ትንንሽ ዕቃዎች) ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ግራጫ ላይ ጥቁር ቁጥር የሚያሳየው ኤልሲዲ ስክሪንስ?

መልስ፦ በመስታወቱና በቦርዱ መካከል ያለችውን ባለ ጥቁር መስመር ላስቲክ በአልኮል አጽድተው በቦታዋ ይመልሱ። ብዙ ጊዜ ይበቃል።