ፊትን ማንበብና ባህል፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ፦ ቁጣም ደስታም ፊት ላይ ሲታይ የትም አገር አንድ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ሐሳቡ የገነነው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ነው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ለሚኖሩ የፎሬ ሰዎች አጭር ታሪክ እየነገሩ፣ ከፎቶዎች መካከል ለታሪኩ የሚስማማውን ፊት አስመረጧቸው። አብዛኛውን አገኙት፤ ፍርሃትን ከመደነቅ መለየት ግን ከበዳቸው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ምርጫ ቀርቦላቸዋል። ያለ ምርጫ፣ «ይህ ሰው ምን ሆኗል?» ተብለው በራሳቸው ቃል ሲመልሱ የሰዎች ስምምነት በግልጽ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በዚያው አገር የትሮብሪያንድ ደሴቶች ወጣቶች ዓይኑ የፈጠጠ፣ አፉ የተከፈተ ፊት ሲያዩ ብዙዎቹ የቁጣና የዛቻ ፊት ነው አሉ። ምዕራባውያን ያንኑ ፊት የፈራ ሰው ፊት ይሉታል።

ጥያቄ፦ ከጃፓናውያን ጋር በቪዲዮ እሰበሰባለሁ። ፊታቸው ምንም አይነግረኝም፤ ምናቸውን ልይ?

መልስ፦ ዓይናቸውን። ከንፈርን ገጥሞ ወይም ፈገግ ብሎ ስሜትን መሸፈን ቀላል ነው፤ በዓይን ዙሪያ ያለው ጡንቻ ግን እንደ አፍ በቀላሉ አይታዘዝም። ስሜትን በይፋ ማሳየት በማይወደድበት ባህል ያደገ ሰው ዓይን ማየትን ይለምዳል። በስልክ መልእክት በምልክቶች የሚሠሩት ፊቶችም ይህንኑ ያሳያሉ፦ የጃፓኖቹ የሚለዋወጠው ዓይናቸው ነው፣ የምዕራባውያኑ አፋቸው። ስለዚህ የተናጋሪውን ምስል ያስፉና የዓይኑን ጠርዝ ይመልከቱ። ጉንጩ ተነሥቶ ከዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ ከተሰበሰበና ጠርዙ ከተሸበሸበ፣ ደስ ብሎት ሊሆን ይችላል። ከንፈሩ ብቻ ከተሳበ ግን ጨዋነት ይሆናል ብለው ይጠርጥሩ። ካሜራው ከላይ ወደ ታች የሚያሳይ ወይም ብርሃኑ ከጀርባ የሚመጣ ከሆነ ይህ ሁሉ አይታይም።

ቀጥለው የሌሎቹን ፊት ይዩ። ታካሂኮ ማሱዳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ጃፓናውያን በሥዕል መሃል ያለውን ሰው ስሜት ሲገምቱ በዙሪያው ያሉት ፊቶች ግምታቸውን ቀይረውታል፤ አሜሪካውያኑን ብዙም አልነኩም። ጃፓናውያኑ የእርስዎን ፊት ሲያነቡም አጠገብዎ የተቀመጠውን ሰው ፊት ጨምረው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በስብሰባ ሐሳቤን ሳቀርብ አንዱ ተሳታፊ ፈገግ አለ። ተስማማ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፈገግታ እፍረትንም፣ አክብሮትንም፣ ተቃውሞንም ይሸፍናል። «ይስማማሉ?» ብለው አይጠይቁት፤ አዎ ከማለት ሌላ መውጫ አይተዉለትም። «የትኛው ክፍል ይስተካከል?» ይበሉት።

ጥያቄ፦ የሥራ አመልካቾችን ስሜት ከፊታቸው የሚለይ ሶፍትዌር ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ሶፍትዌሩ የሚለካው የጡንቻ እንቅስቃሴን እንጂ ስሜትን አይደለም። በሥነ ልቦና ተመራማሪዋ በሊሳ ፌልድማን ባሬት መሪነት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሰፊ ግምገማ፣ የተቆጡ ሰዎች ፊታቸውን የሚያኮሳትሩት ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። በዚያ ላይ ሰው በሐሳብ ሲመሰጥም ግንባሩን ያኮሳትራል። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለውን መሣሪያ በሥራ ቦታና በትምህርት ተቋማት፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ምክንያት በቀር፣ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ከልክሏል። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቅርቡ፤ ነጥብ የሚሰጡትም ለመልሱ ይሁን።