ፓትሮል ወይስ ላንድክሩዘር? መጀመሪያ ሞተሩን እይ

በያገለገለ ኒሳን ፓትሮል ዋይ61 እና ቶዮታ ላንድክሩዘር 76 (ባለ 1ኤችዜድ ሞተሩ) መካከል መምረጥ አቅቶኛል ላልከው፦ ድንጋይና ቦረቦር የምትወጣበት ከሆነ ፓትሮሉን፣ ዕቃ ጭነህ ለዓመታት የምትለፋበት ከሆነ ላንድክሩዘሩን ውሰድ።

ሁለቱም ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያገናኝ አንድ ወጥ ብረት) አላቸው። ልዩነቱ ኋላ ላይ ነው። ፓትሮሉ አራቱም ጎን ሞላ ስለሆነ፣ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ወርዶ መሬት ይይዛል። ላንድክሩዘሩ ኋላው ባሌስትራ ነው። ባዶውን ወገብ ይቆርጣል፣ ሲጫን ግን አደብ ይገዛል።

አስተማማኝነቱን የሚወስነው ሞተሩ ነው። 1ኤችዜድ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ የለውም፣ ፓምፑም ሜካኒካል ነው። ዳገት ላይ ያንቀላፋል (ትዕግሥት ይኑርህ)፣ የታይሚንግ ቺንግያውን በጊዜው ከቀየርክለት ግን መንገድ ላይ አያስቀርህም። የፓትሮሉ ሞተር ቲዲ42 ከሆነ እንዲያውም የታይሚንግ ቺንግያ የለውም፣ በጥርስ ነው የሚሠራው። 3 ሊትሩ ዜድዲ30 ከሆነ ግን፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ፣ ፒስተን በማቃጠል ስማቸው የጠፋ ነው። እኔ ብሆን በርካሽም አልነካው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄን ብዙ ገዢ ሲዘለው አይቻለሁ። ሳትከፍል ጎንበስ ብለህ የፊት ጎማዎቹን ጀርባ እይ። ጎማው የሚታጠፍበት ክቡ ጉልበት ላይ ዘይት የተቀላቀለበት ቀጭን ግራሶ ከፈሰሰ፣ የአክስሉ ሲል (ዘይት ማገጃው) አልቋል፤ የዲፈረንሻሉ ዘይት እየወጣ ነው። ከዚያ አፈር ወይም ጭቃ ላይ ሎው ማርሽ (የአራቱን ጎማ ከባድ ማርሽ) አስገብተህ ሞክረው። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አራቱንም ጎማ አስገብተህ እንዳትታጠፍ።