ሽሪምፕ ላርባ ላሉን አባት፦ ኩሬው ሳይቆፈር መውጫው ይታሰብ

የደረሰን ጥያቄ፦ «የምኖረው መራዊ አቅራቢያ ነው። ከቆጋ መስኖ ቦይ ሥር ክፍት መሬት አለኝ። ዱባይ የምትሠራው ልጄ ሽሪምፕ የሚሉት ነገር እዚያ ውድ ነው፣ ለምን አታረባም ትለኛለች። 10 በ15 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ ላስቆፍር ከሠራተኞች ጋር ተነጋግሬያለሁ። ከምን ልጀምር?»

ቀብድ ካልከፈሉ እሰየው። ከከፈሉም ሠራተኞቹን ለጥቂት ቀን ያቆዩልኝ።

መጀመሪያ የሽሪምፑን፣ የዚያን ባለ ብዙ እግር የውኃ ፍጥረት ነገር እንጨርስ። ልጅዎ አልተሳሳተችም፣ ውድ ነው። ግን በኩሬ የሚረባው የወንዝ ሽሪምፕ የእስያ ቆላ ፍጥረት ነው። 28 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውኃ ይፈልጋል። የመራዊ ሌሊት ደግሞ ጋቢ ያስደርባል። ሌላም ጣጣ አለው። ካደገ በኋላ በንጹህ ውኃ ይኖራል እንጂ ጫጩቱ የሚያድገው ጨው ባለበት ውኃ ነው። ራሱን የቻለ መፈልፈያ ካልተሠራለት ጫጩት የለም። ሁሉም ቢሳካ እንኳ የሰፈርዎ ሰው ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አይበላም። ስለዚህ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያርቡ። ጣና አጠገብዎ ነው፣ ሰዉም ያውቀዋል። ስለ ጫጩቱ ባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ይጠይቁ።

አሁን ወደ መሬቱ። ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ከታች እፍኝ እርጥብ አፈር ያውጡና ድቡልቡል አድርገው ወደ ላይ ወርውረው ይቅለቡት። ከፈረሰ አሸዋ በዝቶበታል። ካልፈረሰ ጉድጓዱን ጠዋት አፉ ድረስ ውኃ ይሙሉት። ማታ ጎድሎ ያገኙታል፣ እንደገና ሞልተው በቅጠል ይሸፍኑት። በማግስቱ አብዛኛው ውኃ ካለ መሬቱ ይይዛል። ከሌለ ሌላ ቦታ ይሞክሩ። በ1990ዎቹ በየጓሮው የተቆፈሩትን የውኃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ያስታውሳሉ? ስንቱ ነው ሰርጎ ባዶ የቀረው! ፕላስቲክ አነጥፋለሁ እንዳይሉኝ፣ ዋጋውም ሌላ ነው፣ ከብት አንዴ ከረገጠው አለቀ።

ውኃውን ደግሞ በጀሪካን ይለኩ። ቦዩ 20 ሊትሩን በ20 ሰከንድ ከሞላ፣ በሰከንድ 1 ሊትር አገኙ ማለት ነው። የእርስዎ ኩሬ፣ 2 ሜትሩ ቀርቶ ከታች በምነግርዎ ጥልቀትና ተዳፋት ሲቆፈር፣ ወደ 105 ሺህ ሊትር ይይዛል፣ በዚህ አካሄድ ከ30 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይሞላል። ከዚያ በኋላ በስርገትና በትነት በቀን 1 ሴንቲ ሜትር ቢጎድል 1,500 ሊትር መተካት አለብዎት። የመስኖው ተራ ለዚህ ይበቃል ወይ? ይህን የውኃ ኮሚቴያችሁ ፊት አሁኑኑ ይጨርሱት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከላይዎ ያለው ጎረቤት ነው። ሽንኩርትና ቲማቲሙ ላይ መድኃኒት የሚረጭ ከሆነ የመርጫውን ጋን ቦዩ ውስጥ ያጥባል። የጸረ ተባዩን ጠርሙስ ይዩት። ስሙ «ትሪን» ብሎ የሚያልቅ ከሆነ ጥቂቱ እንኳ ዓሣ ይጨርሳል። በሚረጭበት ቀን መግቢያዎን እንዲዘጉ ቀድሞ እንዲነግርዎ ይስማሙ።

2 ሜትሩን ይተዉት። ከታች ቀዝቃዛና አየር ያጠረው ውኃ ነው፣ ለጉልበት ብቻ ይከፍላሉ። ውኃው ጥልቀት በሌለው ጫፍ 80 ሴንቲ፣ በጥልቁ ጫፍ 1.2 ሜትር ይሁን። ግድግዳውን እንደ መጸዳጃ ጉድጓድ ቀጥ አድርገው አይቁረጡት፣ በመጀመሪያው ክረምት ይናዳል። 1 ሜትር ሲወርዱ 2 ሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ። ስለዚህ የውኃው ፊት 10 በ15 ሲሆን ወለሉ 6 በ11 ገደማ ይሆናል። ቆፋሪዎቹ ይህን ሲሰሙ መሬት አባከኑ ይሉዎታል፣ አይስሟቸው።

መውጫው ቱቦ ከክትሩ በፊት ነው የሚቀበረው። አንድ ገበሬ ያለ ቱቦ ሠርቶ፣ ዓሣውን ሊያወጣ ሲል ቤተሰቡ ሁለት ቀን በባልዲ ሲቀዳ አይቻለሁ። በጥልቁ ጫፍ፣ ከወለሉ እኩል፣ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ያስቀብሩ። ውስጥ ባለው ጫፉ ላይ ወደ ላይ የሚቆም፣ ሲያስፈልግ የሚያጋድል ቁራጭ ይግጠሙለት። ሲቆም ትርፉን ውኃ ያፈሳል፣ ሲያጋድል ኩሬውን ባዶ ያደርጋል። አፉን በወንፊት ያስሩ። ወንፊት ለመግቢያውም ያስፈልጋል፣ አለዚያ የአምባዛ ግልገል ከቦዩ ገብቶ ጫጩትዎን ይበላል።

ክትሩ የሚያርፍበትን ሣርና ሥር ሁሉ ይግፈፉ። አፈሩን 20 ሴንቲ እየደረቡ፣ ትንሽ እያረጠቡ ይደቅድቁት። ከውኃው 40 ሴንቲ ያህል ከፍ ይበል፣ አናቱም ሰው በምቾት የሚሄድበት 1 ሜትር ይሁን። ላዩ ላይ ሰርዶ ይትከሉ። ባሕር ዛፍ ግን አጠገቡ አይድረስ! ሥሩ ክትሩን ይበሳዋል። በእናንተ አገር ይህን መናገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሥራውን ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ይጨርሱት፣ ከላይ በኩልም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቅደዱ። ውኃ ከመግባቱ በፊት ዙሪያውን በእሾህ ያጥሩ። ከብትም ሕፃንም ይገባበታል።

አፈራችሁ አሲዳማ ስለሆነ ወለሉ ላይ ከ15 እስከ 30 ኪሎ የእርሻ ኖራ ይበትኑ። ውኃው ሲገባ 15 ኪሎ ያህል ደረቅ የከብት ፍግ ይጨምሩና ይጠብቁ። ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ ክንድዎን ቀጥ አድርገው ይንከሩት። ውኃው ክርንዎ ጋ ሲደርስ መዳፍዎ ከዓይንዎ ከጠፋ ምግቡ ደርሷል። በካሬ ሜትር ሁለት ሂሳብ 300 ጫጩት አምጥተው፣ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይልቀቁ።