ለሁለት ጀማሪዎች ሁለት ያገለገሉ ሞተሮች

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ እኔና ባለቤቴ በቅርቡ የሞተር መንጃ ፈቃድ አወጣን። ባጃጅ መጠበቅ ስለሰለቸን ለየራሳችን ያገለገለ ሞተር ልንገዛ ነው። እሱ አፓቼ 180 አይቶ ልቡ ተሰቅሏል፤ እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ስለሆነ ቦክሰር 150 ይሻለኛል እላለሁ። ደላላው ሁለቱንም ዛሬውኑ አይታችሁ ጨርሱ እያለን ነው። ከመክፈላችን በፊት ምን እንይ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ቦክሰር ግዙ። አፓቼ 180 ወደ 17፣ ቦክሰር 150 ደግሞ ወደ 12 የፈረስ ጉልበት አላቸው። አፓቼ ጉልበቱን የሚያወጣው ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሠራ ስለሆነ እጁ ያልለመደ ሰው ነዳጅ ያበዛል፣ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) በድንገት ይለቃል፣ ሞተሩም ይስፈነጠራል። ቦክሰር በዝቅተኛ ዙር ስለሚጎትት ስህተት ይችላል። ደግሞም አንድ ዓይነት ሞተር ሲኖራችሁ ካንዴላው፣ ካቴናው (ሰንሰለቱ)፣ የፍሬን ሸራውና የፍሪሲዮን ገመዱ ለሁለቱም ይሆናል። አንዱ እንግዳ ድምፅ ቢያወጣ ሌላውን አስነስቶ ማነጻጸር ነው። ባለቤትሽ አፓቼውን ከአንድ ዓመት በኋላም ያገኘዋል፤ የትም አይሄድም።

ቁመትን በሜትር አትለኪው፤ ተቀምጠሽ ሞክሪው። የሁለቱም እግር የፊት መዳፍ መሬት ከረገጠና ሞተሩን ተቀምጠሽ ወደ ኋላ መግፋት ከቻልሽ ይበቃል። ትንሽ ከጎደለ ወንበር ሰፊ የመቀመጫውን ስፖንጅ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይቀንስልሻል። ሾክ አስቆርጦ ማሳጠር ግን አይሞከርም፤ መሪው ይበላሻል።

ለሻጩ «ሳታስነሳው ጠብቀን» በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ሲሊንደሩን በእጅ ንኩ። ሞቆ ከጠበቃችሁ አስቸግሮ የሚነሳ ሞተር ቀድሞ ተነስቶላችኋል ማለት ነው፤ በሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ ከሆነ ዘይቱን እዩ። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል፤ በጣት ሲታሽ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለው ውስጡ ብረት እየበላ ነው።

ከዚያ አስነሱት፣ አንዳችሁም ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጋ ቁሙ። በብርድ ጠዋት ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ከጠፋ እርጥበት ነው። ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ወጥቶ ከቆመ ዘይት የሚያግደው የቫልቭ ጎሚኒ ደክሟል፤ ይህ ዋጋ መቀነሻ እንጂ መሸሻ አይደለም። ነዳጅ በሰጣችሁት ቁጥር ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ አልቋል፤ ሬቲፊካ፣ ማለትም ሞተሩ ተፈትቶ መታደስ ይፈልጋል። ጥቁር ጭስ አብዛኛውን ጊዜ የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ ወይም የካርቡሬተር ጉዳይ ነው፣ በቀላሉ ይስተካከላል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኑ። ገመዱን ነቅሎ መንዳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይልቅ የእግር መርገጫው ጎማ፣ የእጅ መያዣውና የማርሽ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተበሉ እዩ። 12 ሺህ የሚል ሞተር መርገጫው ልሙጥ ከሆነ ሌላ ታሪክ አለው።

የወደቀ ሞተር የሚታወቀው በአንገቱና በመስመሩ ነው። በመሪው አንገት ዙሪያ አዲስ ብየዳ ወይም የተለየ ቀለም ፈልጉ። ሲባጎ ከኋላ ጎማ ጎን አስነክታችሁ እስከ ፊት ጎማ ዘርጉ፣ በሌላውም ጎን እንዲሁ፤ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ክፍተቱ በሁለቱም ጎን እኩል ካልሆነ ወይ የኋላ ጎማው ጠምዞ ታስሯል ወይ ሻንሲው ተጣሟል። ጎማው ተስተካክሎም ካልተለወጠ ሞተሩን ተዉት። በመሐል መቆሚያው አቁማችሁ አንዳችሁ ኋላውን ስትጫኑ ሌላው መሪውን በቀስታ ያዙር፤ መሐል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የአንገቱ ኩሽኔታ ተበልቷል። ኮብልስቶን የበዛበት ከተማ ይህን ቶሎ ይጨርሳል። ፊት ሾኩ ላይ የዘይት ቀለበት ካለ ጎሚኒው ያፈሳል፤ ዘይቱ ፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ደግሞ ፍሬን የለም።

ካቴናውን በኋላ ጥርሱ መጨረሻ ላይ ይዛችሁ ሳቡ። የጥርሱ ግማሽ ከታየ ካቴናውም ሁለቱም ጥርሶችም አብረው ይለወጣሉ፤ አዲስ ካቴና ባረጀ ጥርስ ላይ ቶሎ ያልቃል። ደህና ከሆነ መሐሉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መርገብ አለበት። ጎማው ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የተሠራበትን ጊዜ ይነግራል፦ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 23ኛው ሳምንት ነው።

ሁለታችሁም ጀማሪ ስለሆናችሁ የሙከራ ጉዞውን ደላላው ያላመጣው፣ እናንተ የከፈላችሁት መካኒክ ይንዳው። ለሄልሜት የሚሆን ገንዘብ ከሞተሩ ዋጋ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ያገለገለ ሄልሜትም አትግዙ፤ ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተመታ ከውጭ ሳይታወቅ ሥራውን ያቆማል። የመጀመሪያዎቹን ወራት አንዳችሁ ሌላውን አትጫኑ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ሻጩ ስም ማዛወሩ ጊዜ ይወስዳል፣ ውክልና ልስጥህ ይለኛል። ልቀበል?

መልስ፦ አይቀበሉ። ሻጩ ውክልናውን ከሻረው ወይም ከሞተ እጅዎ ላይ የሰው ሞተር ቀረ ማለት ነው። ሊብሬውን ይዘው የሻንሲ ቁጥሩን አንገቱ ላይ፣ የሞተር ቁጥሩን ሞተሩ ቤት ላይ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ወልውለው ያመሳክሩ። የተሞረደ ወይም መስመሩን የሳተ ቁጥር ካዩ ይመለሱ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት ትራንስፖርት ቢሮ ያጣሩ። ሞተሩ ከድርጅት የወጣ ከሆነ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቀረጡ ካልተከፈለ ስም አይዛወርም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባለቤቱም መፈረም አለባት፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። ሦስተኛ ወገን መድንና ቦሎ ደግሞ ያለቁ ከሆኑ ከዋጋው ላይ ይታሰቡ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ዘይት ካስቀየርኩ ወዲህ ሞተሬ ዳገት ላይ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ፍሪሲዮን ሸራው አልቋል አሉኝ።

መልስ፦ ከማስፈታትዎ በፊት የተሞላው ዘይት ምን እንደሆነ ይጠይቁ። የእነዚህ ሞተሮች ፍሪሲዮን የሚሠራው በሞተር ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ ነው። ሰበቃ መቀነሻ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ሸራው እንዳይዝ ያደርገዋል። መጀመሪያ የፍሪሲዮን እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ልል መኖሩን ይዩ፤ ገመዱ ከተወጠረ እጀታው ሁልጊዜ በከፊል እንደተጨበጠ ነው። ገመዱ ደህና ከሆነ ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ዘይቱን አስፈስሰው ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (JASO MA, MA2፤ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚሆን ደረጃ) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ያስሞሉ። ጥቂት ቀን ነድተውት ካልተሻለው ሸራው ተቃጥሏል፣ ያኔ ይፈታ። ዘይት ሲለኩ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ በጎን መቆሚያው አጋድሎ የተለካ ዘይት ያሳስታል።