52 ወይስ 58 ሲሲ? ርካሽ ቼይንሶው ስለመግዛት

የትኛውን ቼይንሶው (የሞተር መጋዝ) ልግዛ ካልክ፣ ባለ 52 ሲሲውን ግዛ፤ ሲሲ የሞተሩ መጠን ነው። ጓሮህ ላሉት ሦስት ባህር ዛፎች ከበቂ በላይ ነው። ርካሾቹ ላይ የተለጠፈው «58 ሲሲ» አንዳንዴ የሞተሩ ሳይሆን የስቲከሩ ጉልበት ነው።

«ሁለቱም ብርቱካናማ ናቸው፣ በምን ልለያቸው?» ላልከው፣ ቀለሙን ተወውና ሱቁ ውስጥ ይህን አድርግ፦

1. ሰንሰለቱ፣ ካንዴላውና ካርቡሬተሩ ለብቻ ይገኝ እንደሆነ ጠይቅ። ሻጩ «አይበላሽም» ካለህ ውልቅ በል።

2. የፊቱን የእጅ መከላከያ ወደፊት ግፋው። ቀጭ ብሎ ሰንሰለቱን ካልያዘ በነፃም አትውሰደው። የላማው (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ጫፍ እንጨት ሲነካ ማሽኑ ወደ ፊትህ ይዘላል፤ ያኔ የሚያድንህ ይሄ ፍሬን ነው።

3. አስነሳውና ሚኒሞ ላይ ተወው። ነዳጅ ሳትሰጠው ሰንሰለቱ ከዞረ እዚያው ያስተካክሉልህ።

አንድ ነገር ግን፣ ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን እንዳትጨምርበት። መመሪያው 25 ለ 1 ካለ፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት ትቀላቅላለህ። የሰንሰለቱ ዘይት ሌላ ነው፣ ጋኑም ለብቻው ነው።

እኔ የመጀመሪያዬን ዘይት ባልተቀላቀለበት ቤንዚን አስነሳሁት። አስር ደቂቃ እንደ አንበሳ አገሳና ፒስተኑ ተጣብቆ ቀረ። መካኒኩ ከፍቶ አየውና «ነፍስ ይማር» አለኝ። ዛፉ አሁንም ቆሟል።