«ለእጮኛዬ ልንገረው ወይስ ይቅር?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በልጅነትሽ የእንጀራ አባትሽ ይደበድብሽ እንደነበር ጽፈሻል። አሁን እጮኛሽ ጥሩ ሰው ሆኖ ሳለ ድምፁን ትንሽ ከፍ ሲያደርግ ሰውነትሽ ድርቅ ይላል፤ ልንገረው ወይስ ይቅር ነው ያልሽው። እኔ ንገሪው ነው የምለው። ግን ሁሉንም አይደለም፣ በአንድ ቀንም አይደለም።

እኔ ያደግኩት ዘመድ ቤት ነው። በቀበቶ ተገርፌያለሁ፣ በበርበሬ ታጥኛለሁ። ካገባሁ በኋላ ባሌ ማታ ከሥራ ገብቶ ቀበቶውን ሲፈታ የዘለበቱ ድምፅ ብቻ ትንፋሼን ቁርጥ ያደርገው ነበር። እሱ ምን እንደሆንኩ አያውቅም፤ አኮረፈች ብሎ ያስባል፣ እሱም ያኮርፋል፣ እንዲህ ጀርባ ተሰጣጥተን ያደርንበት ሌሊት ብዙ ነው። መጀመሪያ የነገርኩት ታሪኩን አይደለም። «ይሄ ድምፅ ያስደነግጠኛል፣ ልጅ ሆኜ በቀበቶ ነው የተገረፍኩት» ብቻ አልኩት። ምንም አልጠየቀኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀበቶውን መታጠቢያ ቤት ገብቶ ነው የሚፈታው። የቀረውን ቀስ እያልኩ ነገርኩት። እስካሁን ያልነገርኩትም አለ።

አንቺም ከትንሿ ጀምሪ። «ስትጮህ እደነዝዛለሁ፣ ዝም የምለው ንቄህ አይደለም» በይው። ከዚያ የሚያደርገውን እይ። ድምፁን ዝቅ ካደረገ እሰየው። «ያለፈውን ምን ታነሽዋለሽ» ካለሽ፣ ወይም በሚቀጥለው ጠብ ያንኑ አንስቶ ከወጋሽ፣ ሰርጉን አታስቸኩዪው።

«እንዲህ ያደገች ትዳር አይሆንላትም» የሚሉሽን ደግሞ አትስሚ። ኤሚ ወርነር የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1955 ሃዋይ ውስጥ ካዋይ ደሴት ላይ የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታትላለች። በድህነትና በጠብ መሀል ካደጉት ሲሶ ያህሉ ደህና ሰው ሆኑ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። በጉርምስናቸው ችግር ውስጥ ገብተው ከነበሩትም ብዙዎቹ በሰላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜያቸው ተስተካክለዋል፤ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ጥሩ የትዳር ጓደኛ ነው።

ግን እጮኛሽን ሐኪም አታድርጊው፣ አይችለውም። ለንስሐ አባቴ መንገሬ ቀለል አድርጎኛል፣ እንቅልፌን የመለሰልኝ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። አበደች ይሉኛል ብለሽ አማኑኤል መሄድ ከፈራሽ፣ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። እጮኛሽን በኋላ ይዘሽው ልትሄጂ ትችያለሽ። መጀመሪያ ግን ብቻሽን ግቢ፤ አጠገብሽ ከተቀመጠ እንዳይከፋው ብለሽ የምትውጪው ነገር ይኖራል።