መጀመሪያ በእጃችሁ ግፉት፦ ስለ አውቶማቲክ በር የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የሚመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉ በር ነው። የማይከፈት በር፣ የማይዘጋ በር፣ ሌሊት ብቻውን የሚከፈት በር። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። አንዳንዶቻችሁ የጎረቤታችሁን ጸባይ ጭምር ዘርዝራችኋል፤ እሱን ዘልዬዋለሁ፣ ይቅርታ።

ሪሞቴ ድሮ ከሩቅ ይሠራ ነበር፤ አሁን በሩ ሥር ካልቆምኩ አይሰማኝም።

ባትሪውን ቀይሪው። «መብራቱ እኮ ይበራል» ብለሻል፤ ትንሿ መብራት በደከመ ባትሪም ትበራለች። የቤቱ ሪሞቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ከደከሙ ግን ጥፋቱ የሪሞቱ አይደለም፣ የተቀባዩ ነው። ከቦርዱ፣ ማለትም ሞተሩን ከሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ የሚወጣውን የአንቴና ሽቦ እይው፤ ተቆርጦ ወይም ከብረቱ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ይሆናል። ብዙዎቹ ሪሞቶች 433 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚሠሩት፤ ለዚህ የሚሆን ተራ የሽቦ አንቴና ርዝመቱ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አንድ ነገር ደግሞ፦ በቅርቡ በሩ አጠገብ አዲስ ኤልኢዲ አምፖል ሰቅለሻል? አጥፊውና ሞክሪ። ርካሽ አምፖል ሪሞትን ሲረብሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በሩ ግማሽ መንገድ ይዘጋና ይመለሳል። የጉልበቱን ማስተካከያ ልጨምረው?

ቆይ! እሱ የመጨረሻው ነው።

አብዛኞቻችሁ የምትጽፉልኝ ስለ ቦርድና ስለ ሞተር ነው፣ ከበሩ ግማሽ ያህሉ ግን ብረት ብቻ መሆኑን ትረሳላችሁ። ስለዚህ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ አጥፋ፣ በእጅ መልቀቂያውን (መብራት ሲጠፋ በሩን በእጅ ለመግፋት ሞተሩ ላይ የተሠራውን) በቁልፍ ክፈትና ሞተሩን ከበሩ አላቅቅ። ከዚያ በሩን በእጅህ ከዳር እስከ ዳር ግፋው። በአንድ እጅ፣ ሳትታገል መሄድ አለበት። የሆነ ቦታ ላይ ከከበደህ፣ ሞተሩም የሚመለሰው እዚያው ቦታ ላይ ከሆነ፣ ምክንያቱን አገኘኸው። ተንሸራታች በር ከሆነ ሐዲዱ ውስጥ ጠጠር ገብቷል፣ ወይም ጎማው ተበልቷል። በማጠፊያ የሚዞር ከሆነ ምሰሶው ዘምሟል፣ ወይም በሩ ወርዶ መሬት ይልሳል። ቦርዱ የሚያውቀው «አንድ ነገር ገፋኝ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ጠጠር ይሁን የሰው እግር አይለይም። ጉልበቱን ጨምረህ ጠጠሩን ብታሸንፍ፣ እግሩንም ለማሸነፍ ፈቅደሃል ማለት ነው።

በሩ በእጅህ እንደ ቅቤ የሚሄድ ከሆነ ብቻ ወደ ሞተሩ እንመጣለን። ተንሸራታች ከሆነ በሞተሩ ማርሽና በሩ ላይ ባለው ጥርሳም ብረት መካከል ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ክፍተት መኖሩን እይ። ክፍተቱ ከጠፋ የበሩ ክብደት በሙሉ ማርሹ ላይ ተኝቷል፤ ሞተሩ በሩን መግፋቱ ቀርቶ ተሸክሞታል።

ሐዲዱን ግሪስ ልቀባው?

አይ። አሸዋ ይሰበስብልሃል። መጥረግ ብቻ።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ አንዴ ይከፈትና ይሞታል።

ባትሪው አርጅቷል። እነዚህ የሊድ ባትሪዎች ደህና ቢያዙ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆዩ፤ ሙቀት ደግሞ ያሳጥራቸዋል። ቆሞ ስትለካው ባለ 12 ቮልቱ 12.7 ቢያሳይህ አትታለል፤ በሩ እየሄደ እያለ ለካው። ያኔ ከ11 በታች ከወረደ በቃ፣ አልቆለታል። ሁለት ሆነው የተያያዙ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ቀን ቀይር። አንዱን አሮጌ ትተህ «ቆጠብኩ» ካልክ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል።

ሴንሰሩ ስላስቸገረኝ አንድ ሰው «ሁለቱን ሽቦ አገናኛቸው፣ ይሠራል» አለኝ። የትኞቹን ላገናኝ?

አልነግርህም። ለምን እንደሆነ ግን እነግርሃለሁ።

ሴንሰር የምትለው፣ በበሩ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች፣ እንዲህ ነው የሚሠሩት። አንዱ በዓይን የማይታይ ብርሃን ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። ብርሃኑ እስከደረሰ ድረስ ቦርዱ «መንገዱ ክፍት ነው» ብሎ ይዘጋል። ከተቋረጠ አይዘጋም፤ መክፈት ግን ብዙውን ጊዜ ይከፍታል። ያ ሰው የነገረህ ዘዴ ቦርዱን «መንገዱ ምንጊዜም ክፍት ነው» ብሎ መዋሸት ነው። አዎ፣ ይሠራል። ልጅ ቆሞበትም ይሠራል።

የአውሮፓ የበር ደኅንነት መስፈርት፣ ኢኤን 12453፣ በሩ ሊዘጋ ከ50 ሴንቲሜትር ያነሰ ክፍተት ሲቀረው በሰው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ400 ኒውተን እንዳያልፍ ይላል። ይህ 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር ሲጫንህ ማለት ነው። እሱም ከአንድ ሰከንድ ላነሰች ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ ወዲያው መቀነስ አለበት። አሜሪካኖቹ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ዩኤል 325 በሚሉት መስፈርታቸው፣ በሩ ሰው ሊይዝ በሚችልበት በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት የተለያዩ መከላከያዎች እንዲኖሩ ይጠይቃሉ፤ ሴንሰሩ ተነቅሎ ቢገኝ ደግሞ ሞተሩ ራሱ እምቢ እንዲል። ይህን ሁሉ ያሰቡ ሰዎች ሥራ አጥተው አይደለም። ሦስት መቶና አራት መቶ ኪሎ የሚመዝን ብረት አንዴ መንቀሳቀስ ከጀመረ በቀላሉ አይቆምም።

ከላይ ሆኜ እየሰበክሁ አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ «ለዛሬ ማታ ብቻ» ብዬ አገናኝቼዋለሁ። ሦስት ሳምንት ቆየ። ያስታወስኩት የመኪናዬ የኋላ በር ጎድጉዶ ሳየው ነው። ቆርቆሮ በመሆኑ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ሴንሰርህ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የአምስት ደቂቃ ነው። መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፤ የሸረሪት ድር አንድ ክር ይበቃዋል። ተቀባዩ ላይ ያለችውን መብራት እያየህ ሳጥኑን በጣትህ ቀስ አድርገህ አዙር፤ መኪና ነክቶት ዘምሞ ሊሆን ይችላል። ክዳኑን ክፈት፣ ውስጡ ውሃ ወይም ጉንዳን ካለ አጽዳ። ሽቦዎቹ የተጣበቁበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት ከያዘ ቆርጠህ አድሰው። «ጠዋት ብቻ ነው እምቢ የሚለው» ካልክ ደግሞ ፀሐይ ቀጥታ ተቀባዩ ውስጥ እየገባች ነው፤ ላኪውና ተቀባዩ ቦታ ይቀያየሩ። ይህ ሁሉ ካልረዳ አዲስ ጥንድ ግዛ። እስኪመጣ ድረስ? ሞተሩን አላቅቀህ በእጅህ ግፋ። አንገላታሁህ፣ አውቃለሁ።

በራችን ሌሊት ብቻውን ይከፈታል። ባለቤቴ ጤና ያለው ነገር አይደለም ትላለች።

ባለቤትዎ ልክ ናቸው፣ መንፈስ ግን አይደለም። ዛሬ ማታ የሁሉንም ሪሞት ባትሪ ያውጡ። አንዱ ትራስ ሥር ተጭኖ ሊሆን ይችላል፣ ደርሶብኛል። ካልተወው በማግስቱ ከግድግዳው መክፈቻ ቁልፍ የሚመጣውን ሽቦ ከቦርዱ ላይ ይንቀሉት፤ ውጭ ያለ መጫኛ ውሃ ሲገባው ራሱን በራሱ ይጫናል። በተለይ ከዝናብ በኋላ የሚብስ ከሆነ ሌላ ቦታ አይፈልጉ።

አሁንም ከተከፈተ ሪሞትዎን ይክፈቱት። ውስጡ የትንንሽ ማብሪያዎች ረድፍ ካለ የድሮ ዓይነት ነው። ስምንት ማብሪያ ማለት 256 ኮድ ብቻ ነው፤ የሌላ ሰው ሪሞት የእርስዎን ኮድ ቢይዝ አይግረምዎት። ኮዱን ይቀይሩ፣ ከተቻለም በእያንዳንዱ ጊዜ ኮድ በሚለዋውጠው አዲሱ ዓይነት ይተኩት። የጠፋ ሪሞት ካለ ደግሞ የቦርዱን ማኅደር በሙሉ አጥፍተው ያሉዎትን እንደገና ያስመዝግቡ።

ሞተሩ «እም...» ይላል፣ አይዞርም። ስገፋለት ይነሳል።

የባለ 220 ቮልት ሞተር ከሆነ ካፓሲተሩ፣ ማለትም ሞተሩን ለመነሳት የሚያግዘው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። እዚህ ላይ ግን እጅህን ሰብስብ። ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ሲለቀው አንተ ላይ ነው። ቴክኒሺያን ጥራ። ይህን የምልህ እንደ ሌላው ጊዜ ለወጉ አይደለም። ራስህ እንዳትነካው። የአንተ ድርሻ በአዲሱ ላይ የተጻፈው የማይክሮፋራድ (የካፓሲተር መጠን መለኪያ፣ µF) ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አጠገቡ ቆሞ ማየት ነው። እስከዚያው ደጋግመህ አታስነሳው፤ ሞተሩ ይቃጠላል።

በእጅ መልቀቂያ ቁልፉ የት እንዳለ አላውቅም። ችግር አለው?

አንተ ውጭ፣ ቁልፉ ውስጥ፣ መብራት የለም፣ ባትሪው ሞቷል። ዛሬውኑ ፈልገው።